የመሪጌታ ጭን

የመሪጌታ ሀብተሥላሴ የግራ ጭን ወፈረ። በደጉ ዘመን ቢሆን እሰይ ተብሎ፣ ለታቦቱ ስለት ገብቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ጠላ የሚጠጣበት ነገር ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ የሽማግሌ ጭን ያለ ምክንያት ሲወፍር ግን ደስ አያሰኝም። ያስጠረጥራል።

መጀመሪያ የጠረጠረው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ ልጃቸው ናት። ወለተሩፋኤል የሆስፒታል ነርስ ነበረች። ሥራዋም ጄሶ የተፈታላቸውን ሰዎች የዛለ እጅና እግር ማሠራት፣ ማሸትና ማበርታት ነው። አባቷ የካቲት ላይ ከማኅሌት ሲወጡ የደብሩ የድንጋይ ደረጃ አዳልጧቸው የግራ ቅልጥማቸው ተሰበረ። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በጄሶ ታስሮ ከረመ። እሳቸውም ብቻቸውን ከሚኖሩበት ቤት ወጥተው ልጃቸው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ገቡ።

ጄሶው የተፈታው በሆሳዕና ዋዜማ ነው። እግሩ ሲገለጥ ወለተሩፋኤል ነርስነቷ ጠፍቶባት ፊቷን አዞረች። ስንት ዘመን ለማኅሌት ቆሞ ያደረ እግር ቆዳ የለበሰ ሸንበቆ መስሎ ቀርቷል።

«ሥጋ እንግዳ ነው ልጄ» አሉ አባቷ እያዩት፤ «በዚህ ዕድሜ ከሄደ ሄደ ነው።»

«አይሄድም አባባ። ከሠሩበት ይመለሳል።»

ለማጽናናት ብላ አይደለም ይህን ያለችው። ዶክተር አላምረው ለነርሶቹ ሲያስተምሩ ሰምታ ልቧ ላይ የቀረ ነገር ነው። ጡንቻ ማለት፣ ይሉ ነበር ዶክተሩ፣ እንደ ፈትል የተገመደ ነው፤ በያንዳንዱ ክር ጠርዝ ላይ ተኝተው የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ሥራ ሲበዛና ክሩ ሲሰነጠቅ እነዚያ ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ስንጥቁን ይደፍናሉ፤ ክሩም ከበፊቱ ይጠነክራል። ልጅ ላይ አንዴ ሲጠሯቸው ብድግ ነው። ሽማግሌ ላይ ይተኛሉ፣ ይሰንፋሉ፣ ቁጥራቸውም ይመናመናል፤ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ደጋግመው ካልቀሰቀሷቸው አይነሱም። ግን ጨርሰው አይጠፉም። የማይሠራ ጡንቻ ደግሞ ይሟሟል፣ በቦታው ስብ ይገባበታል። ስለዚህ ጡንቻ አይዋሽም፤ ከወፈረ ሠርቷል፣ ከከሳ ተኝቷል።

ታዲያ ዶክተሩ «ሕዋስ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ በሩን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እውነታቸውን ነው! በዚያ ሰሞን «ተኝቶ የሚኖር ሕዋስ አለ፤ ሲቀሰቅሱት ይባዛል» ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ማታ ቤቱ አያድርም።

ወለተሩፋኤል ለአባቷ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ አሸዋ ሞላችበት። «ይህን ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አስረው ጠዋትና ማታ ያንሱ» አለቻቸው። እሺ አሉ። እሺ ማለት መቼ አቅቷቸው ያውቃል! ከረጢቱን አልጋ ሥር ወርውረው ረሱት። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ብታይ የጎረቤቷ የእናኑ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

በየአርቡ በልብስ ሰፊ ሜትር ጭናቸውን ትለካ ነበር። የፋሲካ ሳምንት አርብ፣ ምንም። እንደነበረ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት አርብ፣ አሁንም ምንም። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። በሚቀጥለው አርብ ሜትሩ በበፊቱ ቁጥር ላይ አልገጥም አለ። የባሰ ደግሞ በሚቀጥለው። በእጇ ብትጫነው የፊት ጭናቸው እንደ ጥድ ግንድ ጠንክሯል።

«አሸዋውን እያነሱት ነው መሰለኝ አባባ?»

«ምኑን አነሳዋለሁ ልጄ፣ ራሴን መች አነሳሁ!»

ይህን ብለው ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጎተቱ። ወለተሩፋኤል ግን ጉልበታቸው ላይ ቆዳው ተልጦ አይታለች። መዳፋቸውም ሻክሯል።

የሚያስገርመው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ደብሩ ሲሄዱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ያለ ልማዳቸው እየቃተቱ ነው የሚሄዱት። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ አስማረ የሚባል የአብዮት ጥበቃ አለ፤ ጠመንጃው ከቁመቱ ይበልጣል። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ምን ይዞ አለፈ፣ እሱ ሳያይ የሚያልፍ የለም።

«መሪጌታ፣ እግሩ ምነው እምቢ አለ?»

«እርጅና ነው ልጄ፣ እርጅና!» ይላሉ እያቃሰቱ።

ወለተሩፋኤል ይህን ከመስኮት ሆና አየች። አባቷ በዕድሜያቸው ሙሉ ዋሽተው አያውቁም። አሁን እግራቸው ይዋሻል፣ ጭናቸው እውነቱን ይናገራል። የት ነው ታዲያ የሚሠራው?

አንድ ጊዜ «ይሰግዱ ይሆን እንዴ?» ብላ አሰበች። ወዲያው በራሷ ሳቀች። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ አይጾምም፣ አይሰገድም፤ የደስታ ጊዜ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አባቷ እንኳን ራሳቸው ሊሰግዱ፣ በሃምሳ የሰገደ ተማሪ ቢያዩ መቋሚያቸውን የሚያነሱ ሰው ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ሆና ይህ ይጠፋታል? ሐሳቡን ተወችው።

ሌላ ሥራ ፈለገችለት። የፊት ጭንን እንዲህ የሚያጠነክረው ምንድን ነው? ቁልቁለት ነው። ዳገት ባትን ያደክማል፤ ቁልቁለት ግን የሰውን ክብደት የሚያስይዘው የፊት ጭንን ነው። ከጓሯቸው ወርዶ ወደ አንገረብ ወንዝ የሚያደርስ የቁልቁለት መንገድ አለ፤ ጥሻ ነው፣ ዋሻም አያጣም። ጉልበታቸው የተላጠው በጥሻው ውስጥ እየዳሁ ነው። መዳፋቸው የሻከረው ድንጋይ እየጨበጡ ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እዚያ ታች ሰው አለ። መሪጌታ ሀብተሥላሴን በተሰበረ እግር ገደል የሚያስወርድ ሰው ደግሞ በዚህ ዓለም አንድ ብቻ ነው፤ ተክለ ጊዮርጊስ።

ተክለ ጊዮርጊስ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አምና፣ ጓደኞቹ አንድ አንድ እያሉ ሲለቀሙ፣ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል። ወለተሩፋኤል ምግብ በጎረሰች ቁጥር «እሱ በልቶ ይሆን?» ሳትል ውላ አታውቅም።

እና አሁን አለ! በአርባ አራቱ ታቦት፣ አለ! ያን ቀን ሽንኩርት እየከተፈች አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ነው ብላ። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አልነበራትም። ደስታው ራሱ ፍርሃት ነበር። አባቷ በጤናማ እግር ሲራመዱ አስማረ ቢያይ ይከተላቸዋል፤ ከተከተላቸው ተክሌን ያገኘዋል፤ ካገኘው አለቀ። የወንድሟ ሕይወት በአንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠረችው ሰው የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም? መጀመሪያ ባሏን ጠረጠረች። መለሰ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በግድም ሆነ በውድ የቀበሌ ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ ስለ አማቱ እግር ጠይቆ የማያውቅ ሰው ሰሞኑን መጠየቅ ጀመረ።

«የአባባ እግር እንዴት ነው?»

«እንደነበረ ነው» አለች እንጀራውን እየቆረሰች።

«ምንም አልተሻላቸው?»

«ምንም። ምነው ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው! ሰው «እንዲያው» ሲል ነው መፍራት። ደግሞ ዓይኗን አያይም። ሬዲዮኑን ከፍቶ ያዳምጥ የነበረው ሰው እሷ ስትገባ ይዘጋዋል። ማታ ማታ ሆዷን በእጁ ነክቶ «ደህና ነው?» ይላታል። ወለተሩፋኤል ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ጥያቄው ባልከፋ። ግን ድምፁ ልክ አልነበረም። የሆነ ነገር ደብቆ የሚያባብል ድምፅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ብትወጣ መለሰና ጎረቤታቸው እትዬ እናኑ በአጥሩ በኩል አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ። ሲያዩዋት ዝም አሉ።

«ስለ በርበሬ ነው እቴ፤ ዘንድሮ ተወደደ ስለው» አለች እናኑ።

መለሰ ስለ በርበሬ! ይህ ሰው በርበሬ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አያውቅም። እናኑ በአጥሩ ክፍተት እጇን ሰድዳ የወለተሩፋኤልን ሆድ ዳበሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው እትዬ?»

«ጭስ ገብቶብኝ ነው የኔ ሸጋ። ምንም አይደል፣ ጭስ ነው።»

ከእናኑ ጭስ ማውጫ የሚወጣ ጭስ አልነበረም። ሆስፒታልም ቢሆን ያው ነው። ሻይ ክፍል ስትገባ ሁለት ነርሶች ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። አንዷ ወንበሯን ትለቅላታለች፤ ሌላዋ ስኳር ትጨምርላታለች። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት መጣ? የሚያደቡባት መሰላት። ሁሉም ተክሌ በሕይወት እንዳለ ያውቃሉ፤ ሁሉም እሷ አፏን እስክትከፍት ይጠብቃሉ። እንግዲያስ አልከፍትም አለች በሆዷ። በየአርቡም ሜትሩን እየጠቀለለች፣ ባሏ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ፣ «ኧረ ምንም ለውጥ የለውም አባባ!» ትል ጀመር።

አባቷን ፊት ለፊት ልትጠይቃቸው ፈለገች። አልደፈረችም። እሳቸው ካልነገሯት ምክንያት አላቸው፤ የኮሚቴ አባል አግብታለቻ! አባት ልጁን እስከ መጠርጠር ደርሷል ማለት ነው። ይህ አንጀቷን አቃጠላት። ላሳያቸው አለች፤ እኔ የነሱ ወገን እንዳልሆንኩ ላሳያቸው።

ዳቦ ቆሎ ሠራች። በሶ ፈጨች። ጠዋት አባቷ ወደ ደብሩ ሲወጡ በአሮጌዋ ቦርሳቸው ከተተችና አንገታቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለተራበ ይሰጡልኛል» አለች፤ ዓይናቸውን ትክ ብላ እያየች።

ሽማግሌው ቦርሳዋን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። «እሰጣለሁ ልጄ። ለተራበ እሰጣለሁ።»

ተግባቡ! ወለተሩፋኤል ያን ቀን ሥራ ላይ እያንጎራጎረች ዋለች። ቦርሳዋ ማታ ባዶዋን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትሞላላቸዋለች፤ ባዶዋን ትመለሳለች። ግንቦት እያለቀ፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ አባቷ ራሳቸው ጠሯት።

«ወለቴ፣ ለአርብ በርከት አድርገሽ ጋግሪልኝ። ድፎ ቢሆን ጥሩ ነው።»

«በርከት?»

«በርከት።»

ብቻውን አይደለም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ጓደኞች አሉት። ሐሙስ ማታ ሊጡን ስታሽ እናኑ ሰምታ መጥታ ሳትጠየቅ አብራት አሸች። ወለተሩፋኤል ለወትሮው በጥርጣሬ ታባርራት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ልቧ ሞልቶ ነበርና ተወቻት። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ገደል ውስጥ ይበርዳል። ያምናውን ሹራብም አስታወሰች፤ አረንጓዴ ነው፣ ለተክሌ ብላ በእጇ የሠራችው፣ ሳይለብሰው የሄደው። ዳቦው መሐል ጠቅልላ ከተተችው። አርብ ጠዋት አባቷ ያን ሁሉ ተሸክመው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በአስማረ ፊት አለፉ።

«መሪጌታ፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«ለነዳያን ነው ልጄ፣ ለነዳያን።»

ወለተሩፋኤል ከመስኮቱ ኋላ ሆና ሰማች። ጎበዝ አባባ! አለች። እንዲህ ያለ ውሸት!

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አብጦባት ነበርና ዶክተር አላምረው «ሂጂ ተኚ» ብለው ከሥራ ሰደዷት። ካፊያ አለ። በደብሩ በር በኩል ስታልፍ ነዳያኑ ከቅጥሩ ሥር ተጠልለዋል። ልትመጸውት ጎንበስ ስትል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ላይ ዓይኗ ቆመ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። አንገቱ ላይ አንድ ስህተት የገባበት ስፌት አለ፤ የገዛ እጇ ስህተት ነው።

«አባቴ፣ ይህን ሹራብ ማን ሰጠዎት?»

«መሪጌታ ናቸው፣ ያ እግራቸውን የሚጎትቱት። ያለፈው አርብ ለሁላችን ዳቦ አድለው ሲያበቁ፣ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አይተው ይህን አለበሱኝ። ነፍስ ይማር።»

«የማንን ነፍስ?»

«ስም አልጠሩልንም። ቀስ ብላችሁ ነፍስ ይማር በሉ አሉን፤ አልን። የዛሬ ጊዜ ተዝካርም በሹክሹክታ ሆነ እኮ የኔ ልጅ!»

ወለተሩፋኤል ቀና አለች። ልብ ሊያውቅ ያልፈለገውን አያውቅም። የመጣባት ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። የተክሌን ዳቦ! ወንድሟ ገደል ውስጥ በርሃብ እየሞተ፣ ለማንም ሰው ተዝካር! ሹራቡንም! አባቷ ፈርተው ይሆን? መሄድ ትተው ይሆን? ወይስ ልጁን ረስተው ነው? ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯ ማበጡን ረስታ፣ እየተንደረደረች ቤቷ ገባች። ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የሄደችው።

የአባቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚያለከልክ ትንፋሽ ይሰማል፤ ከዚያ ዱብ የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ትንፋሽ። በሩን ገፋችው።

መሪጌታ ሀብተሥላሴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። አማተቡ። ጉልበታቸው ታጠፈ፣ መዳፋቸው መሬት ያዘ፣ ግንባራቸው ወለሉን ነካ። ከዚያ በዚያው በግራ ጭናቸው ተመርኩዘው፣ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ተነስተው ቆሙ። አማተቡ። እንደገና ወረዱ። ነርሷ ወለተሩፋኤል ለዓይን ጥቅሻ ያህል «እንዴት ያለ ሥራ ነው፣ ከአሸዋው በምን ይገናኛል!» ብላ አደነቀች። የመሪጌታ ልጅ ወለተሩፋኤል ግን ጮኸች።

«አባባ! በሃምሳ?»

ሽማግሌው ከወለሉ ቀና ብለው አይተዋት ደነገጡ። «ወለቴ! ምነው ዛሬ በጊዜ መጣሽ?»

«በሃምሳ ይሰገዳል? አንቱ ነዎት ይህን የሚያደርጉ? ዳቦውን ለለማኝ፣ ሹራቡን ለለማኝ! ተክሌ ምን ይብላ? ምን ይልበስ? አንገረብ አይወርዱም እንዴ? እኔ ጭንዎን አይቼ፣ ጉልበትዎን አይቼ...»

አልጨረሰችውም። አባቷ በጉልበታቸው እንዳሉ ነበር የመለሱላት፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም።

«ለእናንተ ፋሲካ ገባ ልጄ። እኔ ከስቅለት አልወጣሁም።»

የተገደለው በጸሎተ ሐሙስ ነው፣ አሏት ቀስ እያሉ። በሳንጃ መንገድ ላይ፣ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር። ተክሌን የሚያውቅ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ በዓይኑ አይቶ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ መጥቶ ለመለሰ ነገረው። መለሰ ለእሳቸው። እሳቸው ለእናኑ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፣ ሆስፒታሉም ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ ያውም ሁለት ጊዜ ለወረደባት። ትውለድ፣ ክርስትና ይነሳ፣ ያኔ ዘመድ ተሰብስቦ ይንገራት ተብሎ ተመክሮ አደረ። ለቅሶውም ቢሆን የት ይለቀሳል? ጫካ ለገባ ልጅ ደረት የመታ ሰው ልጁን ተከትሎ እንደሚሄድ ቀበሌው ተናግሯል። ማልቀስ ሲከለከሉ እሳቸው ሰገዱ፤ መንገድ ላይ ሲያቃስቱም በእግራቸው አሳበቡ።

ወለተሩፋኤል ጭኑን አየችው። ጭኑ አልዋሸም ነበር። ሠርቻለሁ ነው ያላት። ለምን እንደሠራ ግን ጡንቻ አይናገርም፤ እሱን የሞላችው ራሷ ናት፤ ወንድሟን ገደል ውስጥ አኑራ፣ ስታበላው፣ ስታለብሰው የከረመችው እሷ ናት። ያን ድፎ ያሸችበት እጇን አየች። የተክሌን ተዝካር በገዛ እጇ፣ እያንጎራጎረች ጋገረች!

ጩኸቱ ሳታስበው ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሆዷ ሥር። አባቷ ዘለው አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። በዚያው ቅጽበት መለሰ ለምሳ መጥቶ ኖሮ በሩ ላይ ደረሰ፤ ሁለቱን አየ፤ ሁሉም ገባው።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለችው በአባቷ ጣቶች መሐል።

መለሰ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከውጭ የቆርቆሮው በር በጠመንጃ ሰደፍ ተንኳኳ።

«ጓድ መለሰ! ኧረ ጓድ መለሰ! ምን ጩኸት ነው? ለቅሶ ነው እንዴ?»

አስማረ ነው። መለሰ ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእግር ኮቴ ግቢውን አቋርጦ ሲመጣ ይሰማል። ወለተሩፋኤል ያን ጊዜ ያደረገችውን ማን አስተማራት? እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። አባቷን በትከሻቸው ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠች፤ ራሷ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ግራ እግራቸውን አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችና ያን ጠንካራ ጡንቻ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው።

«ይጩሁ አባባ» አለች በሹክሹክታ።

«እ?»

«ይጩሁ! አሁን ይጩሁ!»

በሙሉ ጉልበቷ ጨመቀችው። መሪጌታ ሀብተሥላሴ አፋቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ያ ስንት ዘመን ማኅሌት የመራ ድምፅ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ የታፈነው፣ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

«ወይኔ ልጄ! ኧረ ልጄ! ልጄ! ልጄ!»

አስማረ በበሩ አንገቱን አስገባ። መለሰ እንደምንም ምላሱ ተፈታ። «እግራቸውን እያሸቻቸው ነው ጓድ። ሕክምና ነው።»

አስማረ ሽማግሌውን አየ፣ ጭኑን አየ፣ ከሳቅ ጋር ራሱን ነቀነቀ። «ሰው የሞተ መስሎኝ! ኧረ ቀስ በይ እህቴ፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው።»

«በደንብ ካልታሸ አይድንም» አለች ወለተሩፋኤል፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ እየወረደ አባቷ ጭን ላይ ይንጠባጠባል።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?»

«አባቴ ናቸዋ! አንጀቴን በሉት።»

«ወይ ልጄ! ወይ የኔ ጌታ! ምን ልሁን ልጄ!»

«አይዞዎት መሪጌታ» አለ አስማረ፣ ከልቡ አዝኖ፤ «ያጽናዎት፣ ያልፋል።» ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ሄደ። የቆርቆሮው በር ሲዘጋ ተሰማ። ወለተሩፋኤል እጇን አላነሳችም፤ አባቷም ዝም አላሉም።